የፖስታና የጋዜጣ ባቡር በሞዴል ሐዲድ ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የብሪታንያን የፖስታና የጋዜጣ ባቡሮች በሞዴል መሥራት ለሚፈልግ ሰው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሰዓቱ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከምን ልጀምር? ከሎኮሞቲቭ ወይስ ከፉርጎ?

ከሁለቱም አይደለም። መጀመሪያ ዓመቱን ወስኑ፣ ከዚያ ሰዓቱን። የቀረው ተከትሎ ይመጣል። ብዙ ሰው ቢጫ ጽሑፍ ያለበትን ደማቅ ቀይ የፖስታ ፉርጎ ያይና ልቡ ይሄዳል፤ ይገዛል። ከዚያ በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ያስጎትተዋል። ሲያዩት ያምራል። ግን የብሪታንያ የባቡር ድርጅት እንፋሎትን በ1968 ነው ያቆመው፤ ያ ደማቅ ቀይ ደግሞ የመጣው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። አልተገናኙም።

የትኞቹን ዓመታት ማወቅ አለብኝ?

ጥቂቶቹን ብቻ። ፖስታ በባቡር መጫን የጀመረው በኖቬምበር 1830 በሊቨርፑልና ማንችስተር መስመር ላይ ነው። ደብዳቤ እየተጓዙ መለየት የተጀመረው ደግሞ በጃንዋሪ 1838 ነው፤ ለሙከራው የተጠቀሙበት የፈረስ ማጓጓዣ ፉርጎ ነበር፣ ለሥራው አስተካክለውት። ተንቀሳቃሽ ፖስታ ቤቶቹ በጃንዋሪ 2004 ቆሙ። የጋዜጣ ባቡሮች ከዚያ ቀድመው በጁላይ 1988 አበቁ።

ከ1988 በፊት ያለው 1986ም መታወቅ አለበት። ጋዜጣ አሳታሚው ኒውስ ኢንተርናሽናል በጃንዋሪ 1986 ማተሚያውን በለንደን ወዳለው ዋፒንግ ሲያዞር ስርጭቱንም ከባቡር አውርዶ በጭነት መኪና አደረገው። ከዚያ ወዲህ የጋዜጣ ባቡሩ ሥራ እየሳሳ ሄደ። ስለዚህ ቀይ የፖስታ ፉርጎና የጋዜጣ ባቡር በአንድ ጣቢያ ላይ ጎን ለጎን የምታቆሙ ከሆነ ያላችሁ ጊዜ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆን ነው። ጠባብ ነው፤ እኔ ግን ደስ የሚል ጊዜ ነው እላለሁ፤ አሮጌውም አዲሱም አብሮ ይገኛል።

የፖስታ ባቡርና የጋዜጣ ባቡር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የፖስታ ባቡር የሥራ ቦታ ነው። ሠራተኞቹ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ደብዳቤ ይለያሉ። አንደኛው ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ በትንንሽ የመለያ ሣጥኖች የተሞላ ስለሆነ በዚያ በኩል መስኮት ወይ የለም ወይ ጥቂት ነው። ሞዴል ስትገዙ ሁለቱን ጎኖች አዙራችሁ እዩ። አንድ ዓይነት ከሆኑ ለመደርደሪያ ጌጥ ይሁን እንጂ ለቁም ነገር አይሆንም። ከመለያ ፉርጎው ጋር ከረጢት የሚከማችበት ፉርጎም ይቀጠላል፤ እሱ ደግሞ ሰፋፊ ተንሸራታች በሮች አሉት። አንዳንዱ የመለያ ፉርጎ ጎኑ ላይ የደብዳቤ መክተቻ ቀዳዳ ነበረው፤ ጣቢያ ላይ ሲቆም መንገደኛው ተጨማሪ ከፍሎ ደብዳቤውን እዚያው ይከታል። ፕላትፎርም ላይ ኮት ለብሶ ፖስታ የሚከት አንድ ሰው ብታቆሙ ባቡሩ ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይታወቃል።

የጋዜጣው ባቡር ይበልጥ ዕቃ ጫኝ ነው። እስር እስር ጋዜጣ ከማተሚያ ቤት በቀጥታ ይመጣል፣ ይጫናል፣ ይሮጣል። አንዳንዶቹ ፉርጎዎች ውስጥ ጠረጴዛ ነበራቸው፤ ሠራተኛው እስሩን ለየከተማው እየለየ ይጓዛል። አብዛኞቹ ግን ተራ የዕቃ ፉርጎ ናቸው፣ ጎናቸው ላይ «ኒውስፔፐርስ» ተብሎ ተጽፎባቸው።

ቦታዬ ጠባብ ነው። ስንት ፉርጎ ይበቃኛል?

እስቲ እናስላ። በኦኦ ስኬል አንድ የእንግሊዝ ጫማ 4 ሚሊሜትር ይሆናል። ማርክ 1 የሚባለው የብሪታንያ ባቡር ድርጅት መደበኛ የዕቃ ፉርጎ 57 ጫማ ነው፤ ስለዚህ 228 ሚሊሜትር። ረጅሙ የመለያ ፉርጎ 64 ጫማ ተኩል ገደማ ነው፤ 258 ሚሊሜትር። አሥራ ሁለት ፉርጎ ከነሎኮሞቲቩ ከ3 ሜትር በላይ ይወስዳል። በሚያንሰው በኤን ስኬል ከዚህ ግማሽ ገደማ ነው።

ሦስት ሜትር ፕላትፎርም ያለው ሰው ጥቂት ነው። የሌለው ግን መተው የለበትም። አንድ የመለያ ፉርጎ፣ አንድ የማከማቻ፣ ሁለት የዕቃ፤ በቃ። ከአንድ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ይህም ቢበዛባችሁ ሌላ መንገድ አለ፦ አንድ የመለያ ፉርጎ ከሌሊት የመንገደኞች ባቡር ጋር መቀጠል። እንዲህ የሚሄዱ ብዙ ነበሩ። ባቡር ሁሉ የግድ ራሱን የቻለ የፖስታ ባቡር አልነበረም።

በመጠምዘዣ በኩል ችግር የለም። 438 ሚሊሜትር ራዲየስ ባለው የተለመደ ጥምዝ ላይ ፉርጎዎቹ ይዞራሉ፤ ዘወር ሲሉ ግን ጥግና ጥጋቸው ወደ ውጭ ይወጣል። ከፕላትፎርሙ ጠርዝ ጋር እንዳይጋጩ ረጅሙን ፉርጎ በእጃችሁ እየገፋችሁ ሞክሩት፣ ፕላትፎርሙን ከመለጠፋችሁ በፊት።

የትኞቹን የዕቃ ፉርጎዎች ልቀላቅል?

ሥራው የሚያምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓይነት ፉርጎ ስድስቱን አሰልፋችሁ ካያችሁት የጋዜጣ ባቡር ሳይሆን የፋብሪካ ምርት ይመስላል። እውነተኛው ባቡር የተገኘው ሁሉ የተሰበሰበበት ነበር። ከ1923 እስከ 1947 የነበሩት አራቱ ትልልቅ ኩባንያዎች የየራሳቸውን ፉርጎ ሠርተው ነበር፤ በ1948 ሁሉም ወደ መንግሥት ሲዞር ፉርጎዎቹ ተደበላለቁ።

እኔ ብመርጥ እነዚህን አስቀድማለሁ። ሳይፈን ጂ የሚባለውን የግሬት ዌስተርን ፉርጎ አትለፉት። የተሠራው ለወተት ነው፤ ጎኑ አየር እንዲያስገባ በጣውላ መስመር የተከፋፈለ ነው። ወተቱ በሌላ መንገድ መሄድ ሲጀምር ሳይፈን ጂ ጋዜጣ መጫን ያዘ። ሞዴሉ በቀላሉ ይገኛል፤ አሮጌዎቹ ርካሽ ናቸው፣ ጎማ ብቻ መቀየር ይፈልጋሉ። ከደቡቡ ኩባንያ ደግሞ ባለአራት ጎማዎቹ አሉ፤ አጭር ናቸው፣ ጣሪያቸው ክብ ነው፣ በየትኛውም መስመር ይታዩ ነበር። ከለንደን ሚድላንድ ስቶቭ አር የምትባለው ባለስድስት ጎማ አለች። ስሟን ያገኘችው ከውስጧ ምድጃ ነው፤ ጠባቂው (ከባቡሩ ጋር እየተጓዘ ደኅንነቱን የሚከታተለው ሠራተኛ) እንዳይበርደው። የምድጃዋ ጭስ ማውጫ ጣሪያዋ ላይ ይታያል። በመጨረሻ ማርክ 1 የሚባሉትን ቢጂና ጂዩቪ ጨምሩ። ቢጂ የጠባቂ ክፍል አለው፣ ጂዩቪ የለውም፤ ስለዚህ በየባቡሩ ቢያንስ አንድ ቢጂ ወይም ሌላ ጠባቂ የሚቀመጥበት ፉርጎ ያስፈልጋል። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

የጣሪያው ከፍታ አንድ ላይ ካልሆነ አትደንግጡ፣ እንዲያውም እሰየው። ቀለሙም እንደዚያው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴና አዲሱ ሰማያዊ በአንድ ባቡር ውስጥ መገኘቱ ብርቅ አልነበረም። አንድ ነገር ግን ሁሉንም ያስተካክላቸዋል፤ ቆሻሻ። የዕቃ ፉርጎ የሚያጥበው ሰው አልነበረውም። ጣሪያውን ጥቁር ግራጫ፣ ከወለሉ በታች ያለውን የፍሬን ዱቄት የመሰለ ቡናማ አድርጉት። ከበሩ እጀታ አካባቢ ብቻ ትንሽ አንጹ፤ እጅ የሚበዛበት እዚያ ነው።

አጫጭሮቹ ፉርጎዎች ወደ ኋላ ስገፋ ከሐዲድ ይወጣሉ። ምን ላድርግ?

ቀላሎቹን ባለአራት ጎማዎች ከጭራው አድርጓቸው፣ ከባዶቹን ከሎኮሞቲቩ አጠገብ። ቀላሉ መሐል ሲገባ ሲገፋ ይነሳል። ካልሆነ ውስጣቸው ትንሽ እርሳስ ወይም ብሎን ለጥፉ፣ ክብደቱ ወለሉ ላይ ይሁን እንጂ ጣሪያው ሥር አይሁን።

በሩጫ ላይ የፖስታ ከረጢት የሚያነሳው መሣሪያ በሞዴል ይሠራል?

ይሠራል፤ ግን መጀመሪያ እውነተኛውን እንየው። ከሐዲዱ ዳር ከፍ ያለ እንጨት ይቆማል፣ ከረጢቱ በወፍራም ቆዳ ተጠቅልሎ እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። ከፉርጎው ጎን መረብ ይዘረጋል፣ ሲያልፍ ከረጢቱን ይጠልፋል። የሚወርደው ደግሞ ከፉርጎው በሚወጣ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ መሬት ላይ ባለ መረብ ይያዛል። ባቡሩ ፍጥነቱን አይቀንስም። ይህ መሣሪያ ለመጨረሻ ጊዜ ያገለገለው በኦክቶበር 1971 በሰሜን ዌልስ ፔንማይንማውር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ዘመን የምትሠሩ ከሆነ መረቡን ከፉርጎው ላይ አንሱት።

የሞዴል ባቡር አምራቾቹ ሆርንቢና ትራይአንግ በየጊዜያቸው ከረጢት እያነሳና እየጣለ የሚሄድ ፉርጎ ሠርተው ሸጠዋል። ለልጆች ግሩም ነው፤ ጠ! አድርጎ ከረጢቱን ይወረውረዋል። ግን ከረጢቱ ፍራሽ ያህላል፣ ድምፁም የሐዲዱን ዝምታ ይሰብራል።

እኔ የምመክረው ማታለልን ነው። መሣሪያው ሁልጊዜ በባቡሩ ግራ በኩል ነው፣ ብሪታንያ ውስጥ ባቡር በግራ ሐዲድ ስለሚሄድ። ከሌያውቱ (የሞዴል ሐዲዱ ከተዘረጋበት ሰሌዳ) ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩ ከግራችሁ ወደ ቀኛችሁ የሚሄደው ባቡር በሩቁ ሐዲድ ላይ ነው፤ የግራ ጎኑም ከእናንተ ወዲያ ማዶ ነው። ስለዚህ ባቡሩ ሲያልፍ መሣሪያውን ይጋርደዋል። ከረጢቱን በቀጭን ሽቦ ከሰሌዳው ሥር ካለ ሰርቮ (ክንድ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር) ጋር አገናኙት። ባቡሩ ሲጋርድ ሰርቮው ከረጢቱን ወደ ታች ይስበዋል። ባቡሩ ሲያልፍ እንጨቱ ባዶ ነው። ተመልካቹ ተነሳ ብሎ ይምላል። በ60 ማይል ፍጥነት የሚሮጥ ባቡር በኦኦ ስኬል በሰከንድ 35 ሳንቲሜትር ገደማ ይሄዳል፤ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ባቡር ለአራት ሰከንድ ያህል ይጋርዳል ማለት ነው። ለሰርቮው ከበቂ በላይ ነው።

እውነተኛው ሲሠራ ማየት ለሚፈልግ ሰው፣ በእንግሊዝ ዲድኮት የባቡር ማዕከልና ግሬት ሴንትራል የተባለው ቅርስ መስመር መሣሪያውን ጠብቀው ያሳያሉ።

ሌያውቴ የቀን ነው። የጋዜጣ ባቡር ማስኬድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ባዶውን። ጋዜጣ የሚጓዘው ሌሊት ነው፤ ቁርስ ላይ ቤት መድረስ አለበት። ፉርጎዎቹ ግን ሌሊቱን ተራግፈው ወደ መነሻቸው መመለስ ስላለባቸው ቀን ቀን ባዶአቸውን ይሄዳሉ። ከእነዚህ ውስጥ ስመ ጥሩ ከኒውካስል አካባቢ ወደ ማንችስተር ሬድ ባንክ ማቆሚያ የሚመለሰው ነበር። ማንችስተር ከለንደን ቀጥሎ የአገር አቀፍ ጋዜጦች ማተሚያ ስለነበረች በሌሊት የበተነችውን ፉርጎ በቀን ትሰበስባለች። ባቡሩ ረጅም ነው፣ ፉርጎው የተደበላለቀ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሎኮሞቲቭ ነበር የሚስበው። ፎቶ አንሺዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው፤ የጋዜጣ ባቡር በብርሃን የሚገኘው እንዲህ ነበር።

እንግዲህ በቀን ሌያውት ላይ የጋዜጣ ባቡር አቁማችሁ ሠራተኛ እስር ሲጭን ካሳያችሁ ሰዓቱ ተሳስቷል። በሩን ዝጉትና አሳልፉት።

ጣቢያው ላይ ምን ላስቀምጥ?

ጋሪ። ከ1960ዎቹ ወዲህ ከሆነ ብሩት የሚባሉት በሽቦ የታጠሩ ጋሪዎች ናቸው፤ እየተቀጣጠሉ በትንሽ ተሽከርካሪ ይጎተታሉ። ከዚያ በፊት ከሆነ የእንጨት ጋሪ።

ከረጢቱን ራሳችሁ ብትሠሩት ይሻላል። ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ ከሚደርቅ ማጣበቂያ ጭቃ ትንሽ ቆንጥሩ። አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ከረጢት በኦኦ 13 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንገቱን በጥርስ መፋቂያ እንጨት እያዞራችሁ ቆንጥጡት፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ጫን አድርጉት፤ ሞልቶ የተቀመጠ ከረጢት ሆዱ ይወጣል፣ ታቹ ይጠፈጠፋል። ቀለሙ ንጹሕ ነጭ አይሁን፤ የቆሸሸ ሸራ ይምሰል። እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቁሙ እንጂ እንደ ወታደር አይሰለፉ።

የጋዜጣ እስር ደግሞ ከእውነተኛ ወረቀት ነው የሚሠራው። ስስ ወረቀት ደራርባችሁ በውሃ በቀጠነ ሙጫ አጣብቁ፣ ሲደርቅ በስለት 6 በ4 ሚሊሜትር ቁረጡ፣ በአንድ ክር አቋርጣችሁ እሰሩ። ጠርዙ ላይ የወረቀቱ ንብብር ይታያል። ይህን የሚያህል ቀለም የለም።

ባቡሩን ዝም ብሎ ከማዞር ሌላ ምን አስደስቶ ላጫውተው?

ፉርጎ ፍቱበት። የፖስታና የጋዜጣ ባቡር ከሌላው የሚለየው መንገድ ላይ ፉርጎ እየጣለና እየተቀበለ መሄዱ ነው። ባቡሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይገባል እንበል። የኋላዎቹ ሁለት ፉርጎዎች ለቅርንጫፍ መስመሩ ናቸው። የጣቢያው ትንሽ ሎኮሞቲቭ ከኋላ መጥታ ትፈታቸዋለች፣ መጨረሻው ዝግ ወደሆነው አጭር ፕላትፎርም ትገፋቸዋለች። ዋናው ባቡር ይሄዳል። ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር አንዷን ፉርጎ ከኋላው ቀጥሎ ወደ ቅርንጫፉ ይዞ ይወጣል። ሌላዋ እዚያው ቆማ ትራገፋለች፣ ከሰዓት በኋላ ባዶዋን ትመለሳለች።

ይህ ሁሉ አንድ ተጨማሪ የሐዲድ መቀየሪያና አንድ አጭር ሐዲድ ነው የሚጠይቀው። መፍቻው ላይ የማግኔት ማያያዣ ብትጠቀሙ እጃችሁን ከላይ ማስገባት አያስፈልጋችሁም። የሰዓት ሠንጠረዥ ስትጽፉ አንድ ነገር አስቡ፦ ሩቅ የሚሄደው የጋዜጣ ባቡር ቀድሞ ይወጣል፣ ቀድሞ የታተመውን ዕትም ይዞ። የቅርቡ መጨረሻ ይነሳል። ይህን ብቻ ብታከብሩ ሠንጠረዡ ትርጉም ይኖረዋል።

የትኛው ሎኮሞቲቭ ይጎትት? ቁጥሩስ?

የእንፋሎት ዘመን ከሆነ ብላክ ፋይቭ የሚባለው ሎኮሞቲቭ የማይገባበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል፣ በለንደን ሚድላንድ በኩል። በናፍጣ ዘመን ክላስ 40 ወይም 47። ፖስታና ጋዜጣ የቸኮለ ጭነት ስለሆነ ሁለቱም እንደ ፈጣን የመንገደኞች ባቡር ይቆጠሩ ነበር፤ የእንፋሎት ሎኮሞቲቩ ፊት ላይ ሁለት መብራት፣ ከግራና ከቀኝ መግፊያው (ከፊቱ ጫፍ ካለው ግጭት ማለዘቢያ) በላይ። በናፍጣው ፊት ላይ የሚታየው የባቡሩ መለያ ቁጥር በ1 ይጀምራል። ከ1976 መጀመሪያ ወዲህ ግን ቁጥር ማሳየት ስለቀረ ዜሮዎች ብቻ ወይም ሁለት ነጭ ነጥብ አድርጉ። ባዶ ፉርጎ የሚመልሰው ባቡር በ1 አይጀምርም።

የ1963ቱን የዘረፋ ባቡር ልሥራ?

ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል። ከግላስጎው ተነስቶ ወደ ለንደን ዩስተን የሚሄደው ባቡር ነው፤ ቁጥሩ 1ኤም44፣ ሎኮሞቲቩ ዲ326፣ ፉርጎው 12። ኦገስት 8 ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንዳለፈ ዘራፊዎች በሐሰት ቀይ መብራት አስቆሙት፤ አረንጓዴውን በጓንት ሸፍነው ቀዩን በባትሪ አበሩት። ሎኮሞቲቩንና የፊት ሁለቱን ፉርጎዎች ፈትተው ወደ ብራይዴጎ ድልድይ ወሰዱ። ገንዘቡ ያለው ከሎኮሞቲቩ ሁለተኛው ፉርጎ ውስጥ ነበር። 2.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው።

ለሞዴል ሠሪ ጥሩ ዜናው ሎኮሞቲቭና ሁለት ፉርጎ ብቻ ከትንሽ ድልድይ ላይ ማቆም መቻሉ ነው፤ አንድ ሜትር አይሞላም። እኔ ግን አልሠራውም። የባቡሩ ነጂ ጃክ ሚልስ በዚያ ሌሊት ክፉኛ ተመትቷል። ያው ባቡር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በየሌሊቱ ሥራውን ሲሠራ ኖሯል፤ በሰላሙ ቀን ብታሳዩት ምን ይጎድለዋል?

የውስጥ መብራት ላስገባ?

የመለያ ፉርጎ ላይ ብቻ፣ አዎ። ሌሊት ሰው የሚሠራበት እሱ ነው፤ የዕቃዎቹ ጨለማ ይሁኑ። ኤልኢዲው እንዳይርገበገብ ካፓሲተር ጨምሩ። መብራት ካስገባችሁ ግን ውስጡም ይታያል፤ የመለያ ሣጥኖቹን በካርቶን ላይ አትማችሁ ለጥፉ፣ ጀርባቸውን ለመስኮቱ የሰጡ ሦስት አራት ሰዎች አቁሙ።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ያለውን ብፈልግስ?

ጥሩ ምርጫ ነው፣ ብዙ ሰውም አይሠራውም። ከ1991 ጀምሮ የፖስታ ባቡሮቹን የያዘው የባቡር ድርጅቱ ክፍል ሬይል ኤክስፕረስ ሲስተምስ የሚለው ስም መጣለት፤ ቀይና ጥቁር ግራጫ፣ ጎኑ ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ምልክት። ክላስ 47 በዚህ ቀለም ከቀይ የመለያ ፉርጎዎች ፊት ሲቆም ያምራል። ጭራው ላይ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ባቡር ተቀይሮ የተሠራ የመግፊያ ፉርጎ ይቀጠላል፤ ሎኮሞቲቩ ሳይፈታ ባቡሩን በዝግታ ወደ ኋላ ለመግፋት ነው። በሌያውት ላይ ይህ ሎኮሞቲቩን ከማዞር ያድናል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለፖስታ ተብሎ የታዘዘው ክላስ 67 መጣ። በ2004 ሥራው ከእጁ ሲወጣ ሎኮሞቲቩ ገና አዲስ ነበር። ክላስ 325 የሚባሉት ባለአራት ፉርጎ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ደግሞ በ1995 እና በ1996 ተሠርተው እስከ 2024 ፖስታ ሲጭኑ ቆይተዋል። ውስጣቸው ደብዳቤ የሚለይ ሰው የለም፤ ጎማ ያላቸው መያዣዎች ብቻ ናቸው የሚጫኑት። መስኮት የለም፣ ውስጡን መሥራት የለም። የሚቸኩል ሰው እነዚህን ይያዝ።

በለንደን ምድር ሥር የነበረውስ?

እሱ ሌላ ነገር ነው። ከ1927 እስከ 2003 ከፓዲንግተን እስከ ዋይትቻፕል የሄደ፣ ነጂ የሌለው፣ የፖስታ ቤቱ የራሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ሐዲዱ ሁለት ጫማ ስፋት ብቻ ስለሆነ በኦኦ ስኬል ባለ 9 ሚሊሜትር ሐዲድ ይቀርበዋል። ከጣቢያችሁ ሰሌዳ ፊት ለፊት፣ ከታች በኩል፣ መሬቱ የተቆረጠ መስሎ አንድ ዋሻ አሳዩ፤ የመጻሕፍት መደርደሪያ ስፋት ይበቃዋል። ከላይ ከረጢቱ ከባቡር ይወርዳል፣ ከታች ትንሿ ባቡር ይዛው ትሄዳለች።